በግራ በኩል የደረቀ ወርቅ

አፖሎንያ ኦፒትስ የባሏን መቃብር በአካፋ ቆፍራ፣ ሬሳውን ገልብጣ፣ ሽርጡን ገፍፋ ሄደች ይባላል። ይህን የሚለው አንድ ሰው ቢሆን ባልከፋ፤ በቦሄሚያ ከሃይዳ እስከ ሽታይንሾናው ባለው መንገድ ብርጭቆ በጀርባ ቅርጫት የሚሸከሙ ሴቶች ሁሉ ይሉታል። አንዳንዶቹ አካፋውን ከማን እንደተዋሰች ሳይቀር ያውቃሉ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስትማ ያን ለት ጨረቃዋ ሙሉ እንደነበረች ትምላለች። ጨረቃ የገባችበት ወሬ ደግሞ አይታመንም፤ ጨረቃ ወሬ ውስጥ የምትገባው እንደ ስኳር ነው፣ እንዲጥም ብቻ።

እውነቱ ይህ ነው። አካፋ አልነበረም። ጨረቃም አልነበረችም። ሳጥኑ የተከፈተው በጠራራ ፀሐይ፣ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ለቀስተኛው ኬኩን በእጁ እንደያዘ ነው። የከፈተችውም እሷ አይደለችም። እሷማ እንዳይከፈት ክዳኑ ላይ ተቀምጣበት ነበር።

ባሏ ፍሎሪያን በጌታ ሂለብራንት ቤት የወርቅ ቀቢ ነበር። ጌታ ሂለብራንት ጥሬ ብርጭቆ እየገዛ፣ አስቀብቶና በእሳት አስተኩሶ ወደ ትሪየስተ፣ ወደ ኢስታንቡል፣ ሰው ወደማያውቀውም አገር የሚልክ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ቀቢ ሁሉ እኩል አይደለም። ቅጠል ብቻ የሚቀባ አለ፤ ዕድሜ ልኩን ቅጠል። ጽጌረዳ ብቻ የሚቀባ አለ፤ እሱ ከቅጠል ቀቢ ጋር ባንድ ገበታ አይቀመጥም። ከሁሉ በላይ፣ ብርሃን ቀድሞ በሚገባበት መስኮት ሥር፣ የወርቅ ቀቢው ይቀመጣል። እሱ ሲያስነጥስ ጽጌረዳዎቹ "ይማርህ" አይሉም፣ "ይማርዎ" ይላሉ።

ወርቁ ሲቀባ ወርቅ አይመስልም። እንደ ሬንጅ ቡናማ ነው፣ የጥድ ዘይት ይሸታል። ከእሳት ሲወጣ ደግሞ ደብዝዞ የደረቀ ጭቃ ይመስላል። ያኔ ሴቶች ይቀበሉትና የደም ድንጋይ በሚባል ልሙጥ ድንጋይ ሲያሹት፣ ሲያሹት፣ ክንዳቸው እስኪዝል ሲያሹት ያበራል። የአገሩ ሕግም እዚህ ላይ ነው። የትም አልተጻፈም፣ የረሳውም የለም፤ ወርቅ እሳት ሳይቀምስ የወንድ ነው፣ እሳት ከቀመሰ በኋላ የሴት። አፖሎንያ ከልጅነቷ ጀምሮ ከሚያሹት አንዷ ነበረች። ባሏ ይቀባል፣ እሷ ታበራለች።

"እኔ አረግዛለሁ፣ አንቺ ትወልጃለሽ" ይላት ነበር ፍሎሪያን ጨዋታ ሲያምረው።

"እንዲያ ቢሆንማ ኖሮ ጩኸትህ ፕራግ ይሰማ ነበር" ትለዋለች።

የሽርጡ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የወርቅ ቀቢ ብሩሹን የሚጠርገው በሚቀባበት እጅ በኩል ባለው ጭኑ ላይ ነው፤ ቀን በቀን፣ እዚያው በዚያው። ዓመታት ሲያልፉ ያ ቦታ ይደርቅና እንደ ዛፍ ቅርፊት ይሆናል። ቅርፊቱ ውስጥ ወርቅ አለ። ስለዚህ ሽርጡ የለባሹ አይደለም፣ የጌታው ነው። ቀቢ ሲሞት ጌታው ራሱ ለቅሶ ይደርሳል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ ኬኩን ይቀምሳል፣ ሽርጡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ አቃጥሎም ከአመዱ ወርቁን ያወጣል። በዚህ የሚቀየም የለም። እንዲያውም "ጌታው ለሽርጡ አልመጣም" ከተባለ ሟቹ የተናቀ ነው፣ ልጆቹም አንገታቸውን ይደፋሉ።

ፍሎሪያን ከመሞቱ አምስት ዓመት ቀድማ ቀኝ እጁ ሞተች። ወርቅ ላይ ከመድረሱ በፊት ረጅም ዘመን ነጭ ቀለም ሲቀባ ኖሯል፤ ነጩ ውስጥ እርሳስ አለ፤ ቀቢ ደግሞ ብሩሹን የሚያሾለው በምላሱ ነው። መጀመሪያ ሆዱን ቆረጠው። ቀጥሎ ድዱ ጠቆረ። አንድ ጠዋት እጁን ከብርድ ልብሱ ሊያወጣ ሲል ከአንጓው በታች ያለው አልከተል አለ። እንደ ታረደ ዶሮ አንገት ተንጠለጠለ።

"አፖል" አላት፣ አንዱን እጅ በሌላው ይዞ እያሳያት። "ይቺን እያት። እምቢ አለች።"

"ተኝተህባት ነው። ተነስና ፍራሿን ተቆጣት።"

"ለሂለብራንት እንዳትነግሪ።"

"እና ምን ልበለው? ባሌ ዶሮ ሆነ ልበለው?"

"ደረቱን ታመመ በይው። የጥድ ዘይቱ ሽታ ደረቱን አፍኖታል፣ ቤቱ ወስዶ ይቅባ በይው።"

"ማን ነው የሚቀባው?"

ፍሎሪያን ብሩሹን በደህናው እጁ ገፋ አድርጎ ወደሷ አስጠጋው።

እሷም ብሩሹን አየች፣ ቀጥሎም ጥግ ላይ የሚጫወቱትን ሁለት ሴት ልጆቿን፣ ቴክላንና ሄድቪግን። ሥራ የሌለበት ቤት ልጆች የሚሄዱበት መንገድ በመንደሩ ይታወቃል። ሹሙ ይዟቸው ይወጣና ለገበሬዎች ያድላቸዋል፣ ላም ለመጠበቅ፣ ለሚበሉት ብቻ። የበሉትንም የሚቆጥሩባቸው አሉ። አፖሎንያ ብሩሹን አነሳች።

ያነሳችው በግራዋ ነው። ግራኝ ናት። በልጅነቷ መምህሩ ያቺን ግራ እጅ ከወንበሩ ጋር እያሰረ ቀኟን አስተምሯት ነበር፤ ቀኟም እንደ ታዘዘች ሠራተኛ ተማረች፣ ግራዋ ግን ቂሟን አልረሳችም። ችግሩ ይህ ነበር፤ የፍሎሪያን ሐረግ ከግራ ወፍሮ ይነሳና ወደ ቀኝ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ጭራው እንደ ድመት ጭራ ይጠቀለላል። የእሷ ተገላቢጦሽ ሆነ፣ ከቀኝ ወፍሮ ወደ ግራ ቀጠነ። ሂለብራንት ገና ሲያየው ያውቀዋል። ሦስት ብርጭቆ ቀብታ ሦስቱንም በጨርቅ ጠረገች። በአራተኛው ተናደደችና ብርጭቆውን በአፉ ደፋችው። ሊወረውር እንደሚሻ ሰው ደፍታ ስታየው ቆየች። ከዚያ እንደተደፋ ቀባችው። አቅንታ ስታቆመው ሐረጉ ከግራ ወፍሮ ተነስቶ፣ ወደ ቀኝ ቀጥኖ፣ ጭራውን ጠቅልሎ ቁጭ አለ።

ፍሎሪያን ከአልጋው ላይ ሆኖ አየው። "የኔ ነው" አለ። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ከኔ ይሻላል" ሲልም ሰማችው፤ የሚያናግረው ግን ግድግዳውን እንጂ እሷን አልነበረም።

አምስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ሽርጡ አንድ ነው፣ የሱው፤ እሷ ለብሳው ትቀባለች፣ ሰው ሲያንኳኳ አውልቃ እሱ ላይ ትጥለዋለች። ዕቃዎቹ በራይሸንበርግ ኤግዚቢሽን ቀርበው ሜዳሊያ አገኙ። ጌታ ሂለብራንት ሜዳሊያውን ለጎብኚ በሚታየው ቁም ሣጥን ውስጥ አንጠለጠለው። በመንደሩም "ፍሎሪያን ሲታመም እጁ የመልአክ ሆነ" ተባለ። ይህን ሲሏት አፖሎንያ "አዎ፣ ክንፍ አብቅሏል" ትላለች። ሰው ይስቃል። እሷ ድንች ልጣ፣ በተልባ ዘይት ለውሳ ለመልአኩ በማንኪያ ታጎርሰዋለች።

መኸር ላይ ሊሞት ሆነ። ሊሞት የተቃረበ ሰው የሚያስበው ነገር ብዙ ነው፤ ፍሎሪያን ግን መሞቱን ትቶ ሽርጡን ያስብ ነበር።

"ያዩታል" አላት። "ዘርግተው ያዩታል።"

እውነቱን ነው። ካህን መጽሐፉን እንደሚያነብ ቀቢ ሽርጥ ያነባል። በቀኝ ጭን ላይ ያለው የድሮው የፍሎሪያን ወርቅ ጠቁሮ፣ ተሰነጣጥቆ፣ አቧራ በልቶታል። በግራ ጭን ላይ ያለው ደግሞ ትናንት የተጠረገ ነው፣ ገና ይሸታል። ፍሎሪያን በቀኝ እጁ ይቀባ እንደነበረ የማያውቅ የለም።

"እንደ ሰው ልቀበር፣ አፖል። 'እጁ ዶሮ ነበረች፣ ሚስቱ ነበረች የምትቀባለት' እያሉ እየሳቁ አይቅበሩኝ። ማይልኝ።"

ማለችለት። የሚሞት ሰው ምን ይከለከላል?

ሲሞት ታዲያ ጭንቅ መጣ። ሽርጡን ብታቃጥለው የጌታን ወርቅ ሰረቀች ነው። ጠፋ ብትል ማን ያምናታል? ብትሰጠው ደግሞ መሐላዋን በላች። ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገች፤ የባሰውን መረጠች። ሽርጡን ከጥቁሩ ኮቱ በታች አለበሰችውና ቁልፎቹን እስከ አገጩ ድረስ ቆለፈች። ጌታ ሂለብራንት ሬሳ አይፈትሽም ብላ ነው። ያልገመተችው ክሬሴንስን ነው።

ክሬሴንስ የመንደሩ ሬሳ ገናዥ ናት። የሞተ ሰው ታጥባለች፣ ያልሞተውን ደግሞ በወሬ ታጥባለች። ኮቱን ስትጎትት የወፈረ ነገር ዳስሳ ነበርና፣ ወሬው እንዳይበርድባት እስከ ለቅሶው ድረስ በአፏ ይዛው ቆየች።

ለቅሶው ላይ ሰዉ ሞላ። ኬኩ ተቆረሰ። ጌታ ሂለብራንት ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ገባ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ አፖሎንያ። የቤታችን እጅ ነበር።"

"አሜን፣ ጌታዬ። ኬክ ይቅመሱ።"

ቀመሰ። ጢሙን ጠረገ። "እንግዲህ…" አለ፣ አንገቱን ወደ መስቀያው እያሰገገ። "ሽርጡን ልውሰድና ሰዉን አላስቸግር።"

"ሽርጡ… ለእጥበት ወስጄው፣ ወንዙ…"

"ወንዙ!" አለ ከቀቢዎቹ አንዱ። "የወርቅ ሽርጥ ማን ያጥባል? ቀጥሎ ደግሞ የሜዳሊያውን ወርቅ ልፋቅ ልትይ ነው!"

ክሬሴንስ ኬኩን ገና አልዋጠችም። ብትውጥ ኖሮ የብዙ ሰው ዕጣ በተለወጠ። "ምን ወንዝ ወንዝ ትላለች" አለች ፍርፋሪ እየረጨች፣ "ለብሶታል እኮ! ኮቱ ሥር ለብሶታል!"

 ቤቱ ባንድ ጊዜ ጮኸ።

"ልትቀብረው ነዋ!"

"ቀብራ ልታወጣው! ሲረሳሳ ልትቆፍር!"

"አካፋ አዘጋጅታ ይሆናል እኮ፣ ጓሮውን እዩ!"

ያ ሁሉ የአካፋ ወሬ የተወለደው እዚህ ላይ ነው፤ መቃብሩ ገና ሳይቆፈር መቆፈሯ ተወራ። አፖሎንያ ሄዳ ክዳኑ ላይ ተቀመጠች። ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ፣ እንደ ተራ ወንበር። "ማንም አይነካውም" አለች። የሚያነሳት ሰው ተፈለገ፤ ሁሉም አንዱ ሌላውን አየ። በመጨረሻ ኢግናትስ መጣ።

ኢግናትስ የሂለብራንት ቤት እሳተኛ ነው፤ የተቀባውን ብርጭቆ እቶን ውስጥ አስገብቶ የሚያበስለው እሱ ነው። በቀዳዳው እሳት ሲያይ ስለኖረ አንድ ዓይኑ ሁልጊዜ ያለቅሳል፤ ስለዚህ ማዘኑን ማወቅ አይቻልም። ከፍሎሪያን ጋር ከአንድ ሰሌዳ ፊደል የቆጠሩ ጓደኛሞች ናቸው። ብብቷን ይዞ እንደ ሕፃን አነሳትና አወረዳት። "ይቅርታ፣ አፖል" አለ። ክዳኑ ተከፈተ። ኮቱ ተፈታ። ሽርጡን ከሬሳው ላይ ጎትተው በኬኩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት።

ቀቢዎቹ ጎንበስ አሉ። ቅጠሎቹም፣ ጽጌረዳዎቹም። መጀመሪያ ያወሩ ነበር፣ ቀስ በቀስ ወሬው ደረቀ። አንዱ ጣቱን አርጥቦ በግራ በኩል ያለውን ነካ፣ አሸተተው። ሌላው በቀኝ በኩል ያለውን በጥፍሩ ጫር አደረገ፣ አቧራ ሆነ። ጌታ ሂለብራንትም ቀቢ ሆኖ ነው ጌታ የሆነው፤ ማንም ሳይነግረው አነበበው። ፊቱ ከሬሳው ባሰ።

"ይሄ… ግራ ነው" አለ።

አፖሎንያ ባሏን አየችው። ኮቱ ተከፍቶ፣ ሸሚዙ ወጥቶ፣ ያቺ እጁ እንደ ልማዷ ተንጠልጥላ። ሰው አይስቅብኝ ያለው ሰው ከዚህ በላይ ምን ይሳቅበታል? ጠረጴዛው ሥር ልጆቿ የወደቀ የኬክ ፍርፋሪ ይለቅማሉ። ሌባ ከተባለች የደም ድንጋዩን ይቀሟታል፤ ለሌባ እጅ ወርቅ የሚሰጥ የለም። ከዚያ ሹሙ ነው፣ ገበሬው ነው፣ ላሙ ነው።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምኑ ነው አንቺ?"

"የቀባሁት። አምስት ዓመት። ቀኙ ሞታ ነበር፣ እይዋት፣ ያቻት። የሜዳሊያውንም የቀባሁት እኔ ነኝ። ብርጭቆውን በአፉ ደፍቼ። ብሩሽ አምጡልኝ፣ አሁኑኑ፣ እዚሁ ላሳያችሁ።"

መጀመሪያ የሳቀው ቅጠል ቀቢው ነው። "እሷ ወርቅ ከቀባች የኔ ፍየል ጽጌረዳ ትቀባለች!"

"ጽጌረዳን ተው" አለ ጽጌረዳው ተቆጥቶ፣ "ፍየልህ ቅጠሏን ትብላ።"

ጌታ ሂለብራንት ግን አልሳቀም። ሐሳቡ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር፣ ሜዳሊያው ላይ። ለትሪየስተ ነጋዴዎች "የወርቅ ቀቢዬ" እያለ ያወራላቸው ሰው ሴት ሆኖ ሊያርፍ ነው። ከመስኮቱ ሥር ሊያስቀምጣት ነው? ሁሉም ብሩሻቸውን ጥለው ይወጣሉ። ላያምናት ፈለገ፤ የማያምንበት ምክንያት ግን ቸገረው። ዞር ዞር ብሎ የሚረዳው ሰው ፈለገ።

ያን ጊዜ ኢግናትስ ተናገረ። ክፋት የለበትም፤ ኢግናትስ ዝንብ ሲሞት የሚያዝን ሰው ነው። ጓደኛው ኮቱ ተከፍቶ እንደ ገበያ ዕቃ ሲታይ አላስቻለውም፣ ሌላ ምንም አላየም።

"ፍሎሪያን በግራው ነበር የሚቀባው" አለ። "ቀኙ ስትደክም ግራውን አስተማራት። በዓይኔ አይቻለሁ።"

የቤቱ ሰው ሁሉ ባንድ ላይ ተነፈሰ። "አሃ!" አሉ። ክሬሴንስ አማተበች። "አንዱን እጅ ወስዶ ሌላውን ሰጠው! የእግዚአብሔር ሥራ!" ሌሎቹም አማተቡ። ጌታ ሂለብራንት ቀይ ፊቱ ተመለሰለት።

"ኢግናትስ!" አለች አፖሎንያ። "ውሸትህን ነው! መቼ ነው ያየኸው?"

"ተይ፣ አፖል። ሰውየው እዚህ ተኝቷል።"

"ውሸት ነው!" አለች ደግማ። ግን ሰዉ "አባታችን ሆይ" ጀምሮ ስለነበር ድምፅዋ ጸሎቱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ከጸሎት ጋር ማን ይጮኻል?

ቀብሩ ላይ ካህኑ ስለ ግራ እጅ ሰበከ። ለተማረረ ሁሉ ምሳሌ ነው አለ። ሴቶች አለቀሱ። አፖሎንያ ባሏን እንደ ሰው ቀበረች፤ ከሰውም በላይ፣ ግማሽ ቅዱስ አድርጋ። እሷ ራሷ ግን ሁለት ጊዜ ሌባ ሆና ተመለሰች። የጌታን ወርቅ ልትሰርቅ ነበር፣ ሳይሳካላት የሟቹን ክብር ልትሰርቅ ቃጣች። በሳምንቱ ወርቅ ከሚታሽበት ከማሻው ቤት አስወጧት።

ወደ ጌታ ሂለብራንት ሄደች። በሩ ላይ ቆማ "ይፈትኑኝ" አለች። "አንድ ዋንጫ ብቻ ይስጡኝ። ካልሆነ ውሻ ይልቀቁብኝ።"

"አፖሎንያ፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያስብልሽ። ሂጂ፣ ዕረፊ።"

"ልጆቼ በዕረፍት አይጠግቡም፣ ጌታዬ።"

"ፍሎሪያን ይህን ሲሰማ ምን ይል ነበር?" አላትና በሩን ዘጋው። ፍሎሪያን የሚለውን እሷ ታውቅ ነበር። 'ማይልኝ' ነበር የሚለው። ያ ነው ያንገበገባት።

ከዚያ ወደ እቶኑ ሄደች። ኢግናትስ ብቻውን እንጨት ይደረድራል።

"ለምን?" አለችው።

"ለሱ ብዬ ነው።"

"ለኔስ?"

"አንቺማ በሕይወት አለሽ።"

"ማን ነገረህ?"

ኢግናትስ አንድ ዓይኑን ጠረገ፣ ሁልጊዜ የሚያለቅሰውን። ሌላውም ረጥቦ ነበር፣ ግን እሱን አልጠረገውም። "አሁን ብመልሰው" አለ፣ "ሐሰተኛ ምስክር እሆናለሁ። በሬሳ ፊት ነው የተናገርኩት።"

"በሬሳ ፊት የዋሸኸው ውሸት በሕያው ፊት ሲሆን እውነት ይሆናል?"

ኢግናትስ እንጨቱን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ።

ክረምቱ ገባ፤ የቦሄሚያ ተራራ የበረዶ ክረምት ደግሞ እንግዳ ሆኖ አይመጣም፣ እንደ ባለ ቤት ነው የሚመጣው። የተልባ ዘይቱ አለቀ። የነበረቻቸውን አንዲት ፍየል ሸጡ። ድንቹ ሲያልቅ ልጣጩ ተቀቀለ፤ ልጣጩ ሲያልቅ ውኃው ብቻ ይፈላ ጀመር፣ ቤቱ የሚበላ ነገር ያለበት እንዲመስል። ሄድቪግ ሳል ያዛት። አፖሎንያ አንዳንድ ቀን እርጥብ ጣቷን አመድ ውስጥ ነክራ በባዶ ብርጭቆ ላይ ሐረግ ትስላለች፣ በአፉ ደፍታ። ቀጥሎ በመዳፏ ትጠርገዋለች። ቴክላ "እማዬ፣ ያምር ነበር፣ ለምን አጠፋሽው?" ስትላት "ወንድ አይደለሁማ" ትላታለች። ልጅቷ አልገባትም። ማን ይገባዋል?

በመጨረሻ ሹሙ መጣ፣ አንድ ገበሬ አስከትሎ። ገበሬው ልጆቹን እያዟዟረ አየ።

"ይቺኛዋ ሳል አለባት" አለ።

"ስታድግ ይተዋታል" አለ ሹሙ።

"እስክታድግ እኔ ነኝ የማበላት። ይቺን ትልቋን እወስዳለሁ። ሳል ያለባትን ለሌላ ስጡ።"

"ለየብቻ?" አለች አፖሎንያ።

"እንዴ፣ አፖሎንያ፣ ጥንድ በሬ ናቸው እንዴ?" ሹሙ ይህን ያለው ለማጽናናት ነበር። "የካቲት ላይ የሻማ በዓል ሲያልፍ ይሄዳሉ። ያኔ ነው ሠራተኛ ሁሉ ቤት የሚለውጠው፤ ብቻቸውን አይሆኑም።"

አፖሎንያ የዚያን ዕለት ልጆቿን ጸጉራቸውን ሠራች፣ ፈታች፣ ደግማ ሠራች። እጇ ሌላ ሥራ አላገኘችም።

የሻማው በዓል ሲቃረብ ኢግናትስ መጣ። ጀርባው ላይ ቅርጫት፣ ቅርጫቱ ላይ ድርቆሽ። በሩን ዘጋና ድርቆሹን ገለጠ፤ ስድስት ባዶ ዋንጫዎች፣ አንዲት አፏ በክር የታሰረች የወርቅ ቀለም ማሰሮ፣ የታጠፈ አዲስ ሽርጥ። ሽርጡ ጫፍ ላይ 'ኤድሙንድ' የሚል ስም ተጠልፏል። ኤድሙንድ የጌታ ሂለብራንት የወንድም ልጅ ነው፤ ፍሎሪያን ከሞተ ወዲህ መስኮቱ ሥር የተቀመጠው እሱ ነው።

"የኢስታንቡል ሰዎች ስድስት ዋንጫ ወስደው ነበር፣ የፍሎሪያንን" አለ ኢግናትስ ወለሉን እያየ። "አሁን ስድስት ጨምሩ፣ ግን እንደዚያው ይሁን፣ ካልሆነ ሁሉንም እንመልሳለን አሉ። ኤድሙንድ ሞከረ። ሐረጉ… ትል ይመስላል፣ አፖል። የታመመ ትል።"

"እና?"

"ኤድሙንድ ደረቱን ታሟል። የጥድ ዘይቱ ሽታ አፍኖታል። ከእንግዲህ ቤቱ ወስዶ ነው የሚቀባው።"

አፖሎንያ ሳቀች። ከመኸር ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሄድቪግ ደንግጣ ሳሏን አቋረጠች። "ደረቱን! ታዲያ የኤድሙንድ ቤት የት ነው?"

"እዚህ ነው" አለ ኢግናትስ።

"ስለዚህ ሂለብራንት ያውቃል።"

"ሽርጡን ያነበበ ቀን ነው ያወቀው።"

ከዋንጫው እግር ሥር እያንዳንዱ ቀቢ ቁጥሩን በትንሹ ይጽፋል፤ የሰው ስም አይጻፍም፣ ቁጥሩ ግን የሱ ነው። አፖሎንያ የምትፈልገው እሱን ብቻ ነበር። "የራሴን ቁጥር ይስጠኝ" አለች። "ማንም አይወቅ። እታች ይሁን፣ ማንም አያየውም። ቁጥር ይኑረኝ።"

"ጠይቄው ነበር" አለ ኢግናትስ። "ቁጥሩ የኤድሙንድ ነው አለ። እሺ ካልሽ ወደ ማሻው ቤት ትመለሻለሽ፣ የሌብነቱም ነገር ይቀራል፣ ለሹሙም ልጆቹን ተውላት ይለዋል። እምቢ ካልሽ ቅርጫቱን ይዤ እመለሳለሁ።" የቅርጫቱን ማንገቻ በጣቱ ጠመዘዘ። "እምቢ በይ ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር።"

"አንተን ደስ ለማሰኘት ሳል ያለባት ልጅ ላም ትጠብቅ?"

ተነስታ በሩ ድረስ ሄደች፣ ተመለሰች። አንዱን ዋንጫ አነሳች፣ አስቀመጠች። ወርቁን ልትደፋው ማሰሮዋን ያዘች፤ ኢግናትስም አልከለከላትም። ሄድቪግ እንደገና ሳለች። አፖሎንያ ማሰሮዋን መለሰች። የኤድሙንድን ሽርጥ ከወገቧ አሰረችና ዋንጫውን በአፉ ደፋችው።

ዋንጫዎቹ ተቀቡ፣ ከእቶን ወጡ። ልጆቹ ቤት ቀሩ። አፖሎንያ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ፣ የራሷን ወርቅ በደም ድንጋይ አበራችው። በቁም ሣጥኑ ካሉት ሜዳሊያ ካገኙት የድሮ ዋንጫዎች ጋር ጎን ለጎን ሲደረደሩ እናታቸው እንኳን አትለያቸውም፤ እናታቸውም እዚያው ነበረች። ጌታ ሂለብራንት ቀቢዎቹን ሁሉ ጠራ። ሹሙም መጣ፣ ክሬሴንስም መጣች፣ ማንም ባይጠራትም።

"እዩ!" አለ ጌታ ሂለብራንት፣ የወንድሙን ልጅ ትከሻ ጨብጦ። ኤድሙንድ እስከ ጆሮው ቀላ። "ቤቱ ወርቅ ቀቢ አያጣም። ፍሎሪያን ሄደ ብለን አዝነን ነበር፣ እጁ ግን አልሄደም!"

"እግዚአብሔር ለሱም ግራውን ሰጠው መሰለኝ!" አለች ክሬሴንስ አማትባ። ቀቢዎቹ አጨበጨቡ። ቅጠል ቀቢው ሳይቀር ዋንጫውን ወደ ብርሃን አንስቶ "ሐረግ ማለት ይሄ ነው፣ የወንድ ሐረግ" አለ።

ኢግናትስ በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ይጠርግ ነበር፤ የትኛውን እንደሆነ ያየ የለም።

አፖሎንያ ከሴቶቹ መሐል ቀና አለች። ድንጋዩን አላስቀመጠችም። ድምፅዋ የጨዋታ ነበር፣ ኬክ ይቅመሱ እንደምትል ሴት።

"ጌታዬ" አለች፣ "ኤድሙንድ የሞተ ለትስ፣ ሽርጡን ከማን ላይ ነው የሚያወልቁት?"